ስለ ማጭድና አጨዳ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄዎች

ኅዳር በመጣ ቁጥር ያው ጥያቄ ነው የሚመጣልኝ። ግማሹ ከተማ አድጎ ዘንድሮ ዘመድ ጋ ለአጨዳ የሚገባ ልጅ ነው፣ ግማሹ መሬት ተጋዝቶ (ምርት ሊካፈል ከባለመሬቱ ተቀብሎ) ስንዴ የዘራ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ውጪ ሀገር ሆኖ ናፍቆት ይዞት ነው። እኔ ያደኩት ምስራቅ ጎጃም ጤፍ ሀገር ነው፣ አሁን ስራዬ ከተማ ቢሆንም በየአመቱ ለአጨዳ ቤተሰብ ጋ እገባለሁ፣ ስለዚ የማውቀውን እዚ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ። የግብርና ባለሙያ አይደለሁም፣ ወገቡን የሚያመው አጫጅ ነኝ።

ዛሬም በማጭድ የሚያጭድ ሰው አለ እንዴ?

ኧረ አለ! ዛሬ እንጀራ በልተህ ከሆነ ያ ጤፍ በሰው እጅ በማጭድ የታጨደ ነው ብትል የመሳሳት እድልህ ትንሽ ነው። ስንዴና ገብስ አርሲና ባሌ ላይ ለኮምባይነር ከተሰጠ ቆይቷል፣ ጤፍ ግን አሁንም ባብዛኛው የማጭድ ነው። ሰሊጡም፣ የከብት ሳሩም፣ የቤት ክዳን ሳሩም እንደዛው። ለበዓል ከመንገድ ዳር ገዝተህ ሳሎን የምትጎዘጉዘው ሳር ራሱ ማን ያጨደው ይመስልሃል?

ኮምባይነር እያለ ለምን ትሰቃያላችሁ?

ይሄን የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ ገበሬው ማሽን ስለማያውቅ ይመስለዋል። ያውቃል። ችግሩ ያለው ጤፉ ጋ ነው። ጤፍ አገዳው እንደ ክር ቀጭን ነው፣ ዛላው ፍሬ ሲይዝ ይከብደዋል፣ ትንሽ ንፋስ ወይ የመስከረም ዝናብ ሲመታው ይጋሽባል ማለትም መሬት ላይ ይተኛል፣ ምርት ይጨምር ብለህ ያፈሰስክለት ዩሪያ ማዳበሪያ ደግሞ መልሶ ያስተኛዋል። የተጋሸበ ማሳ ላይ የማሽኑ ምላጭ ከላይ ከላይ ነው የሚያልፈው፣ ዝቅ ላድርገው ካልክ አፈርና ድንጋይ ይዞ ይነሳል። ሰው ግን ጎንበስ ብሎ በግራ እጁ ቀና ያደርገዋል በቀኙ ያጭደዋል፣ በቃ።

ሌላው ፍሬው ነው። 1000 የጤፍ ፍሬ ብትመዝን ግማሽ ግራም አይሞላም። ኮምባይነር ፍሬን ከገለባ የሚለየው በንፋስና በወንፊት ነው፣ ለስንዴ የተስተካከለ ንፋስ ጤፉን ከገለባው ጋር ይዞት ይሄዳል። ለጤፍ ተብለው የሚሞከሩ ማሽኖች አሉ ይባላል፣ እኛ ማሳ ድረስ ግን አልመጡም።

ሦስተኛው ከተማ ያለ ሰው የማያስበው ነገር ነው፣ ጭድ። ገበሬ ጤፍ የሚዘራው ለፍሬው ብቻ አይደለም። የጤፍ ጭድ በጋውን ሙሉ የከብት ቀለብ ነው፣ ቤት ስትመርግ ከጭቃ ጋር የሚቦካው እሱ ነው፣ ከተማ ቅርብ ከሆንክ ደግሞ ተሸጦ ጥሩ ብር ያወጣል። ኮምባይነር ከፍ አድርጎ ይቆርጥና አገዳውን መሬት ላይ ጥሎልህ ይሄዳል። ማጭድ ግን ከስር ስለሚያጭድ አንድ ክንድ አገዳ ሳይቀር ትሰበስባለህ። መሬቱ ራሱስ? ግማሽ ሄክታር የማትሞላ ማሳ፣ ያውም ሶስት ቦታ የተበጣጠሰች፣ ያውም ቁልቁለት ላይ እርከን የተሰራባት... ያንን ትልቅ ማሽን በየት በኩል ልታስገባው ነው?

አርሲ ላይ የተሳካው ሜዳው ሰፊ ስለሆነና ስንዴ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ነው። እዛ ነገሩ የቆየ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ አሰላ ላይ ካዱ የሚባለው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ከተቋቋመ በኋላ ትራክተሩም ኮምባይነሩም እየበዛ መጣ። ግን ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ፣ ያኔ መሬት የባላባት ነበርና ባለመሬቱ በማሽን ማረስና ማጨድ እንደሚያዋጣው ሲያይ ጭሰኛውን ከመሬቱ አስነሳው። ማሽን መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። መሬቱ የማን ነው፣ ሰውየው ከዛ ወዲያ ምን ይበላል የሚለው አብሮ ካልታሰበ ማሽኑ ብቻውን ለድሃው የምስራች አይሆንም ለማለት ነው።

እኔ ማጭድ አላመልክም እሺ? ነገ ጤፍ ሳያረግፍ ጭዱንም ሳይጥል የሚያጭድ በአቅማችን የምንከራየው ማሽን ቢመጣ የመጀመሪያው ተሰላፊ እኔ ነኝ።

ጀርባ ላይ የሚታዘለው ባለሞተር ማጨጃስ?

ለሳርና ቀጥ ብሎ ለቆመ ስንዴ ይሰራል፣ አይቻለሁ። ለተጋሸበ ጤፍ አይሆንም፣ ይበትነዋል። ቤንዚኑ፣ ድምፁ፣ የሚወረውረው ጠጠር... መነፅር ሳታደርግ እንዳትነካው።

ጥርስ ያለው ማጭድ ይሻላል ወይስ ለስላሳው?

ለጤፍና ለስንዴ ጥርስ ያለው። አገዳውን ያዝ አድርጎ ነው የሚቆርጠው፣ አያንሸራትትም፣ ቶሎም አይዶለዱምም። ለስላሳው ለእርጥብ ሳር ይሻላል ግን በየሰአቱ ሳለኝ ሳለኝ ይልሃል። ሁለቱንም መያዝ ነው እንጂ ይሄ ክርክር የሚያልቅ አይደለም፣ አባቴና አጎቴ እስካሁን አልተስማሙበትም።

ስገዛ ምን ልይ?

ከተቻለ ከቀጥቃጭ ግዛ። የሀገሬ ባለእጅ ጥሩ ማጭድ የሚሰራው ከመኪና ባሌስትራ ነው፣ ባሌስትራ ጠንካራ ብረት ነው ስለት ይይዛል። ሱቅ የሚሸጠው ቀለም የተቀባ ከውጪ የሚመጣው ሲያዩት ያምራል፣ አንዳንዱ ግን ቆርቆሮ ነው፣ በሁለት ቀን ጥርሱ ያልቃል። ስታነሳው በጥፍርህ መታ አድርገው፣ ጥርት ያለ ድምፅ ካለው ደህና ነው፣ ደነዝ ያለ ድምፅ ከሰጠ የተሰነጠቀ ወይ በደንብ ያልተቀጠቀጠ ሊሆን ይችላል። ከዛ እጀታውን እየው። ብረቱ እንጨቱ ውስጥ ጠልቆ ገብቷል ወይ? ከላይ ቀለበት አለው ወይ? እጀታው ላይ የሚወዛወዝ ማጭድ አትግዛ፣ ቆይቶ ይወልቅና ወይ አንተን ወይ አጠገብህ ያለውን ያገኘዋል። እጀታው ወይራ ከሆነ የልጅ ልጅህ ይጠቀምበታል።

እግረ መንገዴን ልበል፣ ማጭዱን ማረሻውን ምሳሩን የሚሰራልን ሰው ነው እኛ ሀገር ቡዳ እየተባለ ሲገለል የኖረው። እሱ የሰራውን ብረት ይዘን እህላችንን አጭደን በልተን እሱን ማዕድ አላቀርብም ማለት... ዛሬም ገበያ ላይ ዋጋ ሲከራከሩ ይሄን ስድብ የሚሰነዝሩ አሉ፣ ያሳፍራል።

እንዴት ነው የሚሳለው?

ለስላሳው በድንጋይ ነው፣ ድንጋዩን ውሃ ነካ አድርገህ ከእጀታው ወደ ጫፉ በአንድ አቅጣጫ፣ ወዲያ ወዲህ እያልክ አትፈትገው። ባለጥርሱ በድንጋይ ከሳልከው ጥርሱን ታጠፋዋለህ፣ ለሱ ቀጭን ሞረድ ያስፈልጋል በየጥርሱ መሀል እያስገቡ ነው፣ አድካሚ ነው፣ በአመት አንዴ ለቀጥቃጩ መስጠት ይሻላል። አንድ ምክር ልስጥህ፣ ማታ ሳለው። ጠዋት ማሳ ላይ ቆሞ የሚስል ሰው የሌላውንም ስራ ያስፈታል።

ጀማሪ ነኝ፣ እንዴት ነው የሚታጨደው?

በጽሁፍ ማስረዳት ከባድ ነው ግን ልሞክር። ቀኝ እጅህ ማጭድ ይይዛል፣ በግራ እጅህ አውራ ጣትህ ወደ ላይ ሆኖ አንድ ጭብጥ የሚሞላ ታፍሳለህ፣ ከጭብጥህ በታች ቢያንስ አንድ ስንዝር ወርደህ ማጭዱን ከኋላው ታስገባና ወደ ራስህ ትስባለህ። ትስባለህ ነው ያልኩት፣ አትመታውም። ከተማ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ ቀን እንደ ቆንጨራ ነው የሚመታው፣ እህሉ ይረግፋል፣ ማጭዱም አገዳው ላይ ተንሸራቶ ቅልጥሙን ነው የሚፈልገው። ጭብጡ ሲሞላ ወደ ጎን ታስቀምጠዋለህ ዛላው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሆኖ፣ ሌላ ጭብጥ ትጨምርበታለህ፣ ሲበቃ በራሱ አገዳ ጠምዘዝ አድርገህ ታስረዋለህ፣ ነዶ ሆነ ማለት ነው።

የተጋሸበ ከሆነ በስሩ በኩል ሆነህ ግባ፣ ዛላው ካንተ ወዲያ ይተኛ። በዛላው በኩል ከገባህ ፍሬውን በእግርህ እየረገጥክ ነው የምትሄደው። ባዶ እግርህን ደግሞ አትግባ፣ የታጨደ አገዳ እንደ ሚስማር ነው የሚወጋው፣ ኮንጎ ጫማም ቢሆን አድርግ።

ከሌሎች ጋር ስታጭድ መስመርህን ጠብቅ። ሰው ሁሉ እኩል ነው የሚሄደው፣ ጎበዝ ነኝ ብሎ ከመስመር የወጣ ሰው የጎረቤቱ ማጭድ የሚወዛወዝበት ቦታ ላይ ነው ራሱን የሚያገኘው።

መድረሱን በምን አውቃለሁ?

ጤፍ አገዳውም ዛላውም ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ሲዞር ነው፣ ክው ብሎ እስኪደርቅ ከጠበቅከው ማሳው ላይ ይረግፋል። ስንዴ ፍሬውን በጥርስህ ነክሰህ ነው የምታውቀው፣ ኮሽ ካለ ደርሷል፣ ከተለጠፈ ገና ነው። ምስርና ሽምብራ ግን በማጭድ አትድከም፣ እነሱ ይነቀላሉ እንጂ አይታጨዱም፣ ያውም ጤዛ ሳይለቅ በጠዋት፣ ፀሀይ ከመታቸው በኋላ ከነካሃቸው ፍሬያቸው ይረግፋል።

ዋናው ጭንቀት ዝናብ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሳይታሰብ የሚመጣ ዝናብ አለ፣ የታጨደ ነዶ መሬት ላይ እያለ ካገኘው ይበቅልብሃል ወይ ይጠቁራል። ስለዚ ማጨዱ ብቻ አይበቃም፣ በዛው ሰሞን መከመር አለብህ፣ ክምሩ ዛላው ወደ ውስጥ ሆኖ አናቱ ሾጠጥ ተደርጎ ከተሰራ ውሃ አያስገባም፣ ለሳምንታት ይቆያል፣ ውቂያውን ቀስ ብለህ ትደርስበታለህ። በ2013 መግቢያ ደግሞ የበረሃ አንበጣ ወሎና ራያ ላይ ሲወርድ ሰው የደረሰውንም ለጋውንም ማጨድ ነበር የያዘው፣ ከከተማ ወጣቱ ማጭድ ይዞ ሄዷል። ያኔ ኮምባይነር የለም ብሎ የቆመ አልነበረም፣ እጅ ያለው ሁሉ አጨደ።

አንድ ጥማድ ጤፍ ለማጨድ ስንት ሰው ይበቃል?

አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነው እንበል። በኛ ቤት ልምድ አንዱን ጥማድ አምስት ደህና አጫጅ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል፣ የተጋሸበ ከሆነ አንድ ሁለት ሰው ጨምር። ከከተማ የመጣን ዘመድ እንደ ግማሽ ሰው ቁጠረው፣ እኔንም።

ደቦ ልጥራ ወይስ የቀን ሰራተኛ ልቅጠር?

ደቦና ወንፈልን አትቀላቅል መጀመሪያ። ወንፈል ብድር ነው፣ ዛሬ ላንተ አንድ ቀን አጨድኩልህ ነገ አንድ ቀን ታጭድልኛለህ፣ ቀኑ ይቆጠራል፣ ራስህ መሄድ ካልቻልክ ልጅህን ወይ ወንድምህን ትልካለህ። ደቦ ግን ግብዣ ነው፣ ሰው ትጠራለህ፣ ታበላለህ ታጠጣለህ፣ በጭብጨባና በሆታ አንድ ማሳ እስከ ማታ ድምጥማጡ ይጠፋል። ኦሮምኛ ተናጋሪው ጋ ጅጊ ይሉታል።

ከተማ ያለ ሰው ደቦ ነፃ ጉልበት ይመስለዋል። ሂሳቡን ስራው እስቲ፣ ጠላው ከሳምንት በፊት ተጠንስሷል፣ እንጀራው፣ ወጡ፣ ንፍሮው፣ ይሄን ሁሉ ደግሞ የሚሰሩት ሴቶች ናቸው፣ ጠዋት ሲያበስሉ ውለው ከሰአት ራሳቸውም ማሳ ይወርዳሉ። የሚያዋጣው ማሳህ ብዙ ሆኖ ጊዜው ሲያጥርብህ ነው። ትንሽ ማሳ ላለው ወንፈል ይሻላል። ብር ካለህና ዘመድ ከሌለህ የቀን ሰራተኛ፣ ግን አጨዳ ሰሞን ሁሉም ሰው ስለሚፈልገው ዋጋው ይሰቀላል፣ ቀድመህ ተነጋገር።

አንድ ነገር ልብ በል፣ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። ከዛ በኋላ ደቦ ከጠራህ ቅቤም ስጋም የለም፣ ሽሮና ምስር ነው። ስስታም ጋባዥ ሆን ብሎ ከ15 በኋላ ነው የሚጠራው ይባላል... እኔ ምንም አላልኩም።

በበዓል ቀን ማጨድ ይቻላል?

እኛ ጋ አይታጨድም። ኅዳር 12 ሚካኤል ነው፣ ኅዳር 21 ጽዮን ናት፣ በየወሩ ደግሞ የሚከበሩት አሉ፣ ቅዳሜና እሁዱም አለ፣ ስለዚ ሰራተኛ ስትቀጥር ወይ ከከተማ ፈቃድ ወስደህ ስትመጣ ቀኑን ቁጠር። ሁለት ቀን ፈቃድ ወስዶ መጥቶ ሁለቱም በዓል የሆነበት ጓደኛ አለኝ፣ ጠላ ጠጥቶ ተመለሰ። በዓል ሽሮ የሚያጭድ ሰው ካለ በረዶ ያመጣብናል ብሎ ሀገሩ ይቆጣል። አቅመ ደካማ ወይ የታመመ ሰው ማሳ ከሆነ ግን እኛ ጋ በአንዳንድ በዓል ተሰብስቦ ማጨድ እንደ ፅድቅ ነው የሚታየው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋ አርብ ጁምአ እስኪሰገድ ነው ስራ የሚቆመው።

የግብርና ሰዎች በዓል ምርት ያባክናል ሲሉ እሰማለሁ፣ እውነት አላቸው። ግን ከሰኞ እስከ ሰኞ ጎንብሶ የሚያጭድ ወገብ ደግሞ የለም።

ሴት ታጭዳለች?

ታጭዳለች። ከበሬ ጋር ማረሱን ነው ሀገሩ ለወንድ የሰጠው። አረምና አጨዳ ላይ ሴቷ አለች፣ የቀን ክፍያው ላይ ግን እኩል ስታጭድ ውላ አንሶ የሚሰጣት ቦታ አለ፣ ይሄ መቅረት ያለበት ነገር ነው።

ወገቤን ገደለኝ፣ ምን ላድርግ?

እኔንም። ከወገብህ ብቻ አትጎንበስ፣ ጉልበትህን እጠፍ፣ አንዳንዴ ቁጢጥ ብለህ እጨድ፣ ነዶ ማሰሩንና ማጨዱን እየተቀያየራችሁ ስሩ ምክንያቱም የሚያስር ሰው ቀና ይላል። ውሃ ጠጣ፣ ጠላ ብቻ አይደለም ውሃ። ሶስተኛው ቀን ነው የሚከብደው፣ አራተኛው ላይ ሰውነትህ ይለምዳል፣ ችግሩ የከተማ ሰው ሶስተኛው ቀን ላይ አውቶብስ ይሳፈራል።

እጄን ማጭድ ቆረጠኝ!

በንፁህ ጨርቅ ጠበቅ አድርገህ ይዘህ ከፍ አድርገው፣ ደሙ ሲቆም በብዙ ንፁህ ውሃና ሳሙና እጠበው። ቡና ዱቄት፣ አመድ፣ አፈር አትነስንስበት፣ እኛ ጋ እስካሁን ይደረጋል፣ ቁስሉን ነው የሚያመረቅዘው። ጥልቅ ከሆነ ወይ ጣትህን ማጠፍ ካቃተህ ጤና ጣቢያ ሂድ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከወሰድክ ከቆየህ ደግሞ ቁስሉ ትንሽ ነው ብለህ አትናቀው፣ አፈርና እበት ያለበት ቦታ ላይ ነው የተቆረጥከው፣ ሄደህ ተከተብ። ግራ እጅ ላይ ወፍራም ጓንት ማድረግ ይረዳል፣ የሰፈር ሰው ቢስቅብህም።

ግራኝ ነኝ፣ ማጭዱ አልሆን አለኝ

ጥርሱ የሚወጣው በአንድ ወገን ስለሆነና ለቀኝ እጅ ስለተሰራ ነው። ለቀጥቃጩ ግራኝ ነኝ በለው በሌላው ወገን ያወጣልሃል። ከሌሎች ጋር ስታጭድ ደግሞ የመስመሩ ዳር ላይ ቁም።

ፈረንጆቹ ቆመው የሚያጭዱበት ረጅም ማጭድ እዚ ቢመጣ አይሻልም?

ቲክቶክ ላይ አይታችሁት ነው፣ ይሄ በየአመቱ ይመጣል። ሁለት መያዣ ያለው ረጅም እንጨት ላይ የታሰረ ምላጭ ነው፣ ከቀኝ ወደ ግራ እያወዛወዙ ሳሩን መሬት ለመሬት ይጠርጉታል፣ ወገብ አያጎብጥም። ኦስትሪያና ሩማኒያ ተራራ ላይ ዛሬም ለከብት ድርቆሽ ያጭዱበታል። ምላጩ ስስ ነው፣ ስለቱን የሚያወጡት ትንሽ መስፍ (ብረት የሚቀጠቀጥበት) ላይ በመዶሻ ቀዝቃዛውን እየቀጠቀጡ ነው፣ ከዛ በየጥቂት ደቂቃው በእርጥብ ድንጋይ ይስሉታል። ልምድ ይጠይቃል።

ለሳር ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ሱሉልታ ያ ሁሉ ሜዳ ጥቅምት ላይ ለድርቆሽ ሲታጨድ ሰው ቀኑን ሙሉ ጎንብሶ ነው፣ እዛ ቢሞከር ወገብ ያድን ነበር። ለጤፍ ግን አልመክርም፣ ይወረውረዋል እንጂ በጭብጥ አይዝልህም፣ ነዶ ለማሰር መልሰህ መልቀም አለብህ፣ ሲወረወር ደግሞ ይረግፋል። ድንጋያማ ማሳ ላይ ያ ስስ ምላጭ ግማሽ ቀን አይቆይም።

ሰሊጥ አጨዳ መተማ ልሄድ አስቤያለሁ፣ ምን ልወቅ?

የመንገዱን ሰላም አጣራ መጀመሪያ። ሰሊጥ እንደ ጤፍ አይደለም፣ ቶሎ ይደርሳል ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ነው፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ከታች ያሉት ፍሬ መያዣዎች ሊከፈቱ ሲሉ ይታጨዳል፣ አንድ ሳምንት ካለፈው ፍሬው መሬት ነው። ለዛ ነው ባለሀብቱ ያን ያህል ሰራተኛ በአንዴ የሚፈልገው። የታጨደው ታስሮ ቆሞ ይደገፋል፣ ሂላ ይሉታል፣ ሲደርቅ ሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። ሙቀቱ ሌላ ነው። እባብና ጊንጥ አለ፣ ነዶ ስታነሳ ዝም ብለህ እጅህን ከስር አትስደድ። ማታ ውጪ ከዛፍ ስር አጎበር ሳትዘረጋ አትተኛ፣ ካላዛር የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በሌሊት ነው የሚነክሰው፣ ወባውም አለ። ከተመለስክ በኋላ ሳምንታት የማይለቅ ትኩሳት ከያዘህና ሆድህ ካበጠ ለሀኪሙ መተማ ነበርኩ በለው፣ ይሄን አለመናገር ብዙ ሰው ጎድቷል።

መሬት ላይ የረገፈውን ዛላ ልልቀመው?

የራስህ ማሳ ከሆነ ተወው። ቃርሚያ የድሃና የልጆች ነው፣ እኔ የመጀመሪያ ደብተሬን የገዛሁት በቃርሚያ ገብስ ነው።

ውጪ ሀገር ነኝ፣ አንድ ማጭድ ለግድግዳ ይዤ መሄድ እችላለሁ?

በእጅ ሻንጣ አይሆንም ይወሰድብሃል። በሚጫነው ሻንጣ ስለቱን በካርቶንና በጨርቅ ጠቅልለህ አስገባው። መዶሻ ጎን እንዳትሰቅለው ብቻ፣ ደርግ ጊዜ የነበሩ እንግዶችህ የደርጉ ፓርቲ ኢሠፓ ተመልሷል ብለው ይደነግጣሉ።

አጨዳ ሲያልቅ የት ላስቀምጠው?

አፈሩንና የአገዳውን ውሃ ጥረግ፣ ኑግ ዘይት ወይ ሞራ ቀባው፣ ካልቀባኸው ክረምት ላይ ዝገት ይበላዋል። ድሮ ሳር ቤት ጣራው ውስጥ ነበር የሚሰካው፣ አሁን ቆርቆሮ ስለሆነ ከፍ ያለ ማገር ላይ ስለቱን ወደ ግድግዳ አዙረህ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ስቀለው። ለጎረቤት ማዋስ ትችላለህ፣ ኅዳር አጋማሽ ላይ ግን አታውስ፣ ጥር ላይ ነው የሚመለሰው፣ ያውም ጥርሱ አልቆ።